መጨረሻውን አትንገረኝ

ዪንሁዋ ሽንኩርት እየከተፈች ቴሌቪዥን ማየት ትችላለች። ሾርባ እየቀዳችም፣ ከደንበኛ ጋር እየተሟገተችም ታያለች። ሰማያዊ እጅ ያላት ልጅ በስክሪኑ ላይ ብቅ ባለችበት ምሽት ግን ጭልፋው ከእጇ አመለጠና ኮምጣጣው ሾርባ የአንድ እንጨት ነጋዴ ጫማ ላይ ተደፋ።

«ኧረ ሴትዮ! እኔ በሳህን ነው ያዘዝኩት!» አለ ሰውየው እግሩን እያራገፈ።

የሩዝ ኑድል ቤቷ በሳቅ ተሞላ። ዪንሁዋ አልሳቀችም። ጨርቅ ይዛ ብታጎነብስም ዓይኗ ከግድግዳው አልወረደም።

በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት የተራራ ልጅ ወንዝ ዳር ተቀምጣ ጨርቅ ቀለም ትነክራለች። እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነው። በደመና ላይ የሚራመደው ባለ ጎራዴ፣ ሃንዡ፣ ከሰማይ ወርዶ አጠገቧ ቆመና «ይህ ቀለም አይለቅም?» አላት። ልጅቷም ቀና ሳትል «ካልጠላኸው አለመልቀቁ ምን ያስጨንቅሃል?» አለችው።

ዪንሁዋ ይህን መልስ ታውቀዋለች። ከራሷ አፍ ነው የወጣው። ኮረዳ ሳለች፣ ከታችኛው ድልድይ ሥር ጨርቅ ስትነክር፣ ጌንግ ዌንባይ ለሚባል ወጣት የመለሰችው መልስ ነው።

ዌንባይ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ልጅ ነበር። ዛሬ አገር ያወቀው ደራሲ ነው። «የጭጋጉ ጎራዴ» የተባለውን ልቦለዱን መጀመሪያ ሰው በስልኩ አነበበው፤ ቀጥሎ ሾፌሮች በየመኪናቸው ሲተረክ ሰሙት፤ ዘንድሮ ደግሞ ድራማ ሆኖ ወጣና በወረዳው ውስጥ በየምሽቱ የማያየው ሰው ጠፋ። ዪንሁዋ ግን ልቦለዱን አልነካችውም። ማንበብ አትችልም ነበር። አሁን ነው፣ ልጅ አድርሳ፣ ባሏን ቀብራ፣ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከእኩዮቿ ጋር የማታ ትምህርት የጀመረችው። መምህሯ «ቴሌቪዥን ስታዩ ከግርጌ የሚጻፈውን ተከታተሉ፤ እሱ ደብተራችሁ ነው» ብላቸዋለች። ዪንሁዋም ትከታተላለች። ፊደሉ ግን ብልጭ ብሎ ይጠፋል። «ውሃ» የሚለውን ያዝኩ ስትል «ሰው» የሚለው ያመልጣታል። በእጅ ዓሣ እንደመያዝ ነው።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለቻት ልጇ ዋንቲንግ ከጥግ ጠረጴዛ ሆና። በስልኳ ያንኑ ድራማ እያየች ነበር። በስልክ ሲታይ ከምስሉ በላይ የተመልካቹ አስተያየት እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይሮጣል፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይሳደባል፣ ሌላው ባለ ጎራዴውን ላግባህ ይላል።

«ምንም አልሆንኩም። ጨርቁን የያዘችበት አያያዝ አናዶኝ ነው። በጣት ጫፍ ይዞ ማን ቀለም ይነክራል? ነፍሳት የምትለቅም ነው የምትመስለው።»

ይህን ብላ ወደ ማድቤቱ ገባች። እዚያም፣ ማንም በማያያት ቦታ፣ ንጹሕ የሆነውን እጇን ደጋግማ ታጠበችው።

*

ዌንባይና እሷ የተለያዩት በቃል አልነበረም። እናቱ «ስሟን መጻፍ የማትችል ምራት ደጄን አትረግጥም» ባሉ ጊዜ ሁለቱ ሊጠፉ ተማከሩ። የአዲሱ ሩዝ በዓል ባለቀ ማግስት በታችኛው ድልድይ ላይ ተገናኝተው የመጀመሪያውን አውቶቡስ ሊሳፈሩ ነበር። ጣራ ያለው የእንጨት ድልድይ ነው፤ ዝናብ አያስገባም። ያን ቀን ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ነበር። ወንዙ ሞልቶ ደፈረሰ። ዪንሁዋ ጥቅሏን ታቅፋ ከምሰሶው ሥር ተቀመጠች። አውቶቡሱ መጣና ሄደ። ሌላው መጣና ሄደ። ዌንባይ አልመጣም። በሳምንቱ ወደ ባሕር ዳርቻው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባ ሲሉ ሰማች።

ከዚያ ወዲያ ወላጆቿ የመረጡላትን የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ አገባች። ደግ ሰው ነበር፤ አቧራው ሳንባውን በላውና ሞተ። ዪንሁዋ ባሏን አልቅሳ ቀብራለች። ዌንባይን ግን አላለቀሰችለትም። ጠልታዋለች። ጥላቻው እንደ ምሰሶ ሆኖ ደግፎ ያቆማት ነገር ነው።

አሁን ድራማው መጣና ምሰሶውን ነቀነቀው።

ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ ልቧ ወደ ሌላ ሰው ማዘንበል በጀመረበት ጊዜ ነው። ሉ ደሺን ይባላል። ከተራራው ጥድ ግንድ የሚያወርድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አግብቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ማታ ከመኪናው ወርዶ ከማራገቢያው አጠገብ ይቀመጣል፣ በርበሬውን ያለ ርኅራኄ ይጨምራል፣ ላቡን እየጠረገ ይበላል። ባለፈው ወር የቤቷ የጭስ መሳቢያ ሲበላሽ ሸሚዙን አውልቆ ጣራ ላይ ወጣና ጠገነላት። ሲወርድ ፊቱ ጥላሸት ብቻ ነበር።

«ምን ልክፈልህ?» አለችው።

«እኔ ጭሱን ጠልቼ መሰለሽ የጠገንኩት?»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ወጣህ?»

«እኖርበት ይሆናል ብዬ ነዋ ይሄን ቤት!» አለና የራሱ ቃል አስደንግጦት ጥላሸቱ ሥር ቀላ።

ዪንሁዋ ሳቋ አመለጣት። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! እሺ ልትለው አፏ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያ ሰማያዊ እጅ በስክሪኑ ላይ የታየው ከዚያ ወዲህ በሁለተኛው ምሽት ነው። እናም ደሺን በኋላ ምን ወሰንሽ ብሎ ሲጠይቃት እንዲህ አለችው፦

«ድራማው ይለቅ። ያን ጊዜ እነግርሃለሁ።»

ጎረቤቷ እማማ ያንግ፣ ቶፉ ሻጯ፣ ይህን ሰምተው አገር ይያዝልኝ አሉ። «ወይ ጉድ! ለወንድ መልስ ለመስጠት ድራማ የሚጠበቀው በማን አገር ነው? የድራማው ዘንዶ ነው የሚድርሽ?»

ደሺን ግን አልተቀየመም። እንዲያውም ፊቱ ላይ ደስታ የመሰለ ነገር ብልጭ አለ። «እጠብቃለሁ» አለ። «ልቦለዱን በመኪናዬ ሰምቼዋለሁ። መጨረሻውን ...»

«ዝም!» ብላ እርጥብ እጇን አፉ ላይ ጫነችው። «መጨረሻውን አትንገረኝ! አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ቃል ግባ!»

«እማ ልክ ናት» አለች ዋንቲንግ ከጥጓ። «መጽሐፉን አንብቦ ገና ያላየ ሰው ላይ የሚዘከዝክ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚወርድበትን እርግማን ብታይ አጎቴ ሉ! አንዱን ‹ኑድልህ ለዘላለም ይጠንዛ› ብለውታል።»

ደሺን ከእጇ ሥር ሆኖ ራሱን ነቅንቆ ቃል ገባ። ዪንሁዋ እጇን ቶሎ አላነሳችውም። ትንፋሹ መዳፏን ሲያሞቀው ይታወቃታል፤ ልቧ ግን ከሌላ ሰው ጋር በዝናብ ውስጥ ቆሞ ነበር።

*

ምሽቶቹ እንዲህ አለፉ። እሷና ደሺን ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያሉ። ዪንሁዋ ከስክሪኑ ጋር ትጣላለች።

«ይሄ ዘንዶ ነው ወይስ ሳሙና የዋጠ ዓሣ?»

«ብር ጨርሰው ነው» ይላል ደሺን። «ብሩን ለጸጉሩ አዋሉት። የባለ ጎራዴውን ጸጉር አላየሽም? በጦርነት መሀል እንኳ አንዷ አትዛነፍም።»

«የእናቱስ ነገር! እቺ የሰማይ ንግሥት የሚሏት። ልጇን ከተራራ ልጅ ለመለየት ተራራ ታንቀሳቅሳለች። አፍንጫዋን አየኸው? ልክ የ...» ብላ ታቋርጣለች።

ደሺን የማንን አፍንጫ ልትል እንደነበር ያውቃል። የወረዳው ሰው ሁሉ የቀድሞውን ነገር ያውቃል። ግን አይጠይቃትም። ሾርባ ይጨምርላታል። አንዳንዴ ዪንሁዋ ዞር ስትል ስክሪኑን ትቶ እሷን ሲያይ ትይዘዋለች፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ዘንዶውን ማየት ይጀምራሉ።

የመጨረሻው ክፍል በታየበት ምሽት ቤቷ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። እማማ ያንግ ሳይቀሩ በርጩማቸውን ይዘው መጡ። በድራማው ውስጥ ልጅቷ ጥቅሏን ታቅፋ ድልድይ ላይ ተቀመጠች። ዝናብ ወረደ። ወንዙ ሞላ። ሃንዡ አልመጣም፤ ልጅቷ ቀና ብላ አየች፣ አቀረቀረች፣ በመጨረሻ እንባዋን ጠርጋ ሄደች።

ከዚያ ካሜራው ወንዙን ተሻገረ። ከማዶ፣ ጭጋጉ ውስጥ፣ ሃንዡ ቆሟል። ድልድዩ በእሱ በኩል ተሰብሯል። አስማቱን እናቱ ነጥቃዋለች፤ መብረር አይችልም። ስሟን ይጣራል፤ የጎርፉ ድምፅ ይውጠዋል። እሷ ሄዳለች፤ እሱ ግን እዚያው ቀረ። ዘመናት አለፉ። ጸጉሩ ነጣ። በድንጋዩ ላይ የእግሩ ቅርጽ ጠለቀ። ከግርጌ ፊደሎች ብልጭ አሉ፤ ዪንሁዋ በዚህ ሁሉ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ያዘችው፦ «እኔ መጥቼ ነበር።»

ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። እማማ ያንግ አፍንጫቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ዪንሁዋ ግን ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። እንባዋ ይወርዳል፤ ፊቷ ግን እንደ ልጃገረድ ፊት በርቷል። ያ ሁሉ ዓመት! ያ ሁሉ ጥላቻ! ከማዶ ነበር። ጎርፉ ነው የለያቸው። መጥቶ ነበር!

ደሺን እጁ ላይ ያለውን ሳህን ወደ ጠረጴዛው መለሰው። ፊቱ አመድ መስሏል። «ዪንሁዋ» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ ...»

ወደ እሱ ዞረች። ፊቷን አየ። ያሰበውን ዋጠው።

ሰዉ ሲወጣ ደሺን በርጩማዎቹን እየደራረበ ቆየ። ዪንሁዋ መልሱን ነገረችው። ይቅርታ አድርግልኝ፣ አንተ መልካም ሰው ነህ፣ ልቤ ግን ባለቤት አለው፣ እኔ ራሴ አላወቅኩም ነበር አለችው። ደሺን አንገቱን ደፍቶ ሰማ። የመጨረሻውን በርጩማ ከላይ አስቀመጠ።

«ማራገቢያው ይንቋቋል» አለ። «ዘይት አድርጊበት።»

ሲወጣ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። በኃይል ቢዘጋው ኖሮ ለዪንሁዋ ይቀላት ነበር።

*

ዌንባይ ወደ ወረዳው እንደሚመጣ የሰማችው ከእማማ ያንግ ነው። ለድራማው ወዳጆች በታችኛው ድልድይ ላይ ዝግጅት ተሰናድቷል፤ ደራሲው መጽሐፍ ይፈርማል።

ዪንሁዋ ለበዓል ብቻ የምትለብሰውን ጥቁር ሰማያዊ ልብሷን አወጣች። ጸጉሯን ሠርታ ፈታች፣ ደግማ ሠራችው። ዋንቲንግ ከበሩ ቆማ አየቻት። ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናት ስትዋረድ ማየት ከምንም በላይ የሚፈራበት ዕድሜ።

«እማ፣ እዚያ ሰው ብዙ ነው። ምን ልትይው ነው?»

«ይቅርታ ልጠይቀው ነው።»

«አንቺ? እሱን?»

«ሳያጠፋ ጠልቼዋለሁ። ሰው በማያውቀው ነገር መጠላት የለበትም።»

ከልጇ ጋር ስትደርስ ድልድዩን ማወቅ አልቻለችም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዋንያኑ ምስል በካርቶን ተቆርጦ ቆሟል። ከሩቅ ከተማ የመጡ ልጃገረዶች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ቀብተዋል። ይሳሳቃሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ቀለሙ በየምሰሶው ላይ ይለጠፋል። ዪንሁዋ የልጇን «የጭጋጉ ጎራዴ» መጽሐፍ ይዛ ከመሀላቸው ተሰለፈች።

ዌንባይ ከጠረጴዛው ኋላ ነበር። ጸጉሩ ሳስቷል፤ መነጽር አድርጓል። መጽሐፉን ከእጇ ሲቀበል ቀና አላለም። ያየው ነገር እጇን ነው፤ ቀለም የሌለው፣ በሙቅ ውሃ የነጣ፣ የሠራተኛ እጅ።

«ለማን ብዬ ልፈርም?»

«ለባለ ሰማያዊ እጇ» አለች።

ከኋላዋ ያሉት ልጃገረዶች ሳቁ። «ሁላችንም እኮ ባለ ሰማያዊ እጅ ነን እማማ!» አለች አንዷ፣ የተቀባ እጇን እያወዛወዘች።

ዌንባይ ግን ድምፁን አወቀው። ብዕሩ ቆመ። ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ዪንሁዋ?»

መጽሐፉን መልሶላት፣ አዘጋጆቹን አንዴ ብሎ ተነሳ። ወደ ድልድዩ ጫፍ፣ ከካርቶኖቹ ኋላ ወሰዳት። ዋንቲንግ ከምሰሶው ማዶ ቀረች። ሁለቱ ተያዩ። በድራማው ቢሆን በዚህ ጊዜ አበባ ከሰማይ ይረግፍ ነበር። እዚህ ግን ከታች የወንዙ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ውሃው ጎድሎ ድንጋዩ ይታያል።

«አንብበሽዋል?» አላት።

«አይቼዋለሁ።» ይህን ሁሉ ቀን ስታጠናው የከረመችውን ንግግር ጀመረች። «ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ያን ቀን ወንዙ ሞልቶ ነበር። እርስዎ ከማዶ ሆነው ሲጣሩ አልሰማሁም። ቀና ብዬ አላየሁም። ትቶኝ ሄደ ብዬ ስረግምዎ ኖርኩ። አሁን ግን ...»

«ዪንሁዋ፣ ቆይ።»

«ልጨርስ። ካቋረጡኝ ይጠፋብኛል። እኔ ...»

«ያ መጨረሻ የኔ አይደለም።»

ዪንሁዋ መጽሐፉን ዝቅ አደረገች።

«ድራማውን የጻፉት ሌሎች ናቸው» አለ ዌንባይ መነጽሩን እያወለቀ። «ተመልካች ባለ ጎራዴውን ይጠላዋል፣ ስለዚህ ጠብቆ ነበር እንበል አሉ። እኔም እሺ አልኩ። በመጽሐፉ እንዲህ አይደለም።»

«በመጽሐፉ ምንድን ነው?»

«አይመጣም። ቤቱ ተኝቶ ዝናቡን ያዳምጣል።»

ከካርቶኖቹ ወዲያ ልጃገረዶቹ አንድ ላይ ጮኹ፤ ፎቶ እየተነሱ ነው። ዪንሁዋ የዋንቲንግን መጽሐፍ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«አንተስ?» አለችው። አንቱታው ሲወድቅ ሁለቱም ሰሙት።

«እኔም ተኝቼ ነበር።»

«እናትህ ቆልፈውብህ ነበር። አይደል? በሩን ቆልፈውብህ ነበር።»

ቢዋሻት ምን ነበረበት! ለዘንዶና ለደመና ውሸት የማያልቅበት ሰው አንዲት ውሸት ቢቆርስላት ምን ይጎድልበታል! ግን ዌንባይ ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴ ገበያ ሄዳ ነበር። በሩ ክፍት ነበር፣ ዪንሁዋ። ፈራሁ። እዚያ ሄጄ ምን እንደምበላ፣ ምን እንደምሆን አሰብኩ። ዝናቡ ሲያባራ እሄዳለሁ አልኩ። ሲያባራ ግን ...» ወደ ወንዙ አየ። «ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ይቅርታ ጠይቄሻለሁ። የጠየቅኩሽ በመጽሐፉ ነው። ታነቢዋለሽ ብዬ ...»

«ማንበብ አልችልም ነበር» አለች ዪንሁዋ። አልጮኸችም። «አንተ ይህን ታውቅ ነበር። እናንተ ቤት ያልገባሁት ለምን ሆነና?»

ዌንባይ መነጽሩን በሸሚዙ ጠረገ። ከሩቅ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ ስሙን ጠራ። ወደዚያ አየ፣ ወደ እሷ አየ። ከዚያ መነጽሩን አደረገና ሄደ። አሁንም ያው ነው፤ የሚጠራው ሰው ሲኖር ይሄዳል።

ዪንሁዋ እዚያው ምሰሶ ሥር ቁጭ አለች። አልቅሺ ቢሏት እንባ አልነበራትም። በዚህ ሁሉ ዓመት ያቆማት ጥላቻ በድራማው ፈርሶ ነበር፤ በፈረሰው ቦታ የተሠራው ፍቅር ደግሞ አሁን ፈረሰ። ዋንቲንግ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁሉንም ሰምታለች።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አለቻት እናቷ።

«መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ያውቃል እማ። ስክሪኑ ላይ ያን ማታ ስድብ ብቻ ነበር፤ ‹መጽሐፉን ገደሉት› ሲሉ። እኔ ግን ... ስለ ድራማው የምታለቅሺ መስሎኝ ነበር። እንደማንኛውም ሰው።» ልጅቷ ራሷን በእናቷ ትከሻ ላይ ጣለች። «ስላንቺ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እርግማኑን ሁሉ ችዬ እነግርሽ ነበር።»

ዪንሁዋ የልጇን ጸጉር ዳበሰች። ድንገት ግን እጇ ቆመ። መጽሐፉን የሰማ ሁሉ ያውቃል። ደሺንም ያውቅ ነበር። ጠብቅ ስትለው ፊቱ ላይ ብልጭ ያለው ደስታ ምን እንደነበር አሁን ገባት። ባለ ጎራዴው እንደማይመጣ ያውቅ ነበርና እየሣቀ ጠበቃት። ድራማው ነው የከዳው።

*

በግንድ መጋዘኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ ደሺን ብቻውን ጭነት ያስር ነበር። ግንዶቹ እስከ መኪናው አናት ተከምረዋል። ጋቢናው ውስጥ ብርድ ልብስ፣ ቴርሞስና የሩዝ ማብሰያ ይታያል።

ዪንሁዋ በበዓል ልብሷ፣ እስትንፋሷ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣች። አያት፤ ገመዱን መወርወር አላቆመም።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ወደ ሰሜን። የበረሃ መንገድ ሥራ አለ። ረጅም ኮንትራት ነው።»

«ታውቅ ነበር።»

ደሺን ምኑን ብሎ አልጠየቀም። «አውቅ ነበር» አለ።

«ለምን ዝም አልክ? ያ ቃል እኮ የጨዋታ ነበር! ልጆች እንደሚጫወቱት!»

«ስለ ቃሉ አይደለም።» ግንዱ ላይ ተደገፈ። «ልነግርሽ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ዞረሽ አየሽኝ። ያን ያህል ዘመን ኑድልሽን ስበላ፣ ፊትሽ እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። እኔ ላጥፋው? በምን አፌ? ‹ያ ሰው ውሸት ነው፣ እኔን አግቢኝ› ልበል?»

«አዎ! እንደዚያ ትላለህ!»

«ከዚያስ? ተስፋሽን የገደለው ሰው አጠገብሽ ሲያንኮራፋ ትሰሚ ነበር።»

ዪንሁዋ ቀረብ አለችው። የጥድ ሙጫ ይሸታል። «ደሺን» አለች። ‹ወንድም ሉ› ሳትለው ስሙን ብቻ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። «መጣሁ እኮ። ይኸው መጣሁ።»

አያት። ዓይኑ ውስጥ እሺ የሚለውን ነገር በግልጽ አየችው፤ እጁ እንኳ ትንሽ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ወደ ገመዱ ተመለሰ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ። ዛሬ ያ ሰው ‹አዎ፣ ከማዶ ነበርኩ፣ ጠብቄሻለሁ› ብሎሽ ቢሆን ኖሮ፣ እዚህ ትመጪ ነበር?»

ውሸቱ ምላሷ ላይ ነበር። ትንሽ ነው፤ ሞቅ ያለም ነው። ‹እመጣ ነበር› ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው? ብትለው ያምናት ነበር። ማመን ፈልጓል። ብርድ ልብሱን ከጋቢናው አውርዶ፣ ሩዝ ማብሰያውን ይዞ፣ ያን የሚንቋቋ ማራገቢያ ዘይት ለመቀባት ከእሷ ጋር ይመለስ ነበር።

ግን ዛሬ አንድ ሰው እውነቱን ነግሯት ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ምንም በማይጠቅምበት ጊዜ። ሌላውን ሰው ያን ያህል ልታስጠብቀው አልቻለችም።

«አልመጣም ነበር» አለች።

ደሺን ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። ጉንጩ ላይ አንድ ጅማት ብቻ ተንቀሳቀሰ። የገመዱን ጫፍ ወደ እሷ ዘረጋ።

«እንግዲያ ይህን ያዢልኝ። ብቻዬን አልጠብቅ አለኝ።»

ያዘችው። እሱ በወዲያኛው በኩል ዞረ፤ ግንዶቹ በመሀላቸው ሆኑ፤ ፊቱ አይታያትም። ሲስብ እሷም ትስባለች። የጭነቱ ክብደት፣ የእጁ ጉልበት፣ በገመዱ ውስጥ አልፎ መዳፏ ድረስ ይመጣል። ሻካራው ገመድ ቆዳዋን ላጠው፤ ይበልጥ ወደ ኋላ ተንጋለለች። እንዲህ ሆነው ቢውሉ፣ ቢያድሩ፣ ደግ ነበር።

«ልቀቂው» አለ ድምፁ ከግንዶቹ ማዶ። «ታስሯል።»

ዪንሁዋ ሰማች። እጇ ግን አልሰማላትም።